የአንድ የመንገድ መሐንዲስ ሙከራና የብርሃን ምንነት

ብርሃን ምንድን ነው የሚለው ክርክር በ18ኛው መቶ ዓመት ያለቀለት መስሎ ነበር። አይዛክ ኒውተን በ1704 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው «ኦፕቲክስ» የተባለው መጽሐፍ፣ ብርሃን ከሚያበሩ አካላት የሚወረወሩ ደቃቅ ቅንጣቶች ጎርፍ ነው ወደሚለው አስተሳሰብ ያዘነበለ ነበር። ከሊቁ ክብር የተነሣም አስተሳሰቡ እንደ ጸና ሕግ ተቆጠረ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ከ1801 ጀምሮ ብርሃን በብርሃን ላይ ሲደረብ ጨለማ ሊያስከትል እንደሚችል ቢያስረዳም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ቅንጣት በቅንጣት ላይ ቢጨመር እንዴት ጨለማ ይሆናል? ሁለት ሞገዶች ግን የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይጣፋሉ።

ነገሩን ወደ ፍጻሜው ያቀረበው የሙያ ባልደረባችን ነው። ኦገስቲን ፍሬኔል የፈረንሳይ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበር። በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት ሲመለስ ስለ ተቃወመ ከሥራው ታግዶ፣ በኖርማንዲ ገጠር በእናቱ ቤት ተቀመጠ። ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ የማር ጠብታ ምስሪት ሆነችለት፤ መለኪያውንም የመንደሩ ቁልፍ ሠሪ ሠራለት። በዚህ መሣሪያ በቀጭን ሽቦ ጥላ ውስጥና ዙሪያ የሚታዩትን ብሩህና ጥቁር መስመሮች ለካ፤ ልኬቱንም ከሞገድ ስሌት ጋር አስማማ።

የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ፣ ብርሃን በእንቅፋት ጠርዝ ሲያልፍ ስለሚያሳየው ጠባይ ውድድር ባወጣ ጊዜ ፍሬኔል በ1818 ጽሑፉን አቀረበ። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ላፕላስ፣ ቢዮና ፑዋሶን የቅንጣት ደጋፊዎች ነበሩ። ፑዋሶን ስሌቱን መርምሮ፣ ይህ እውነት ከሆነ በአንድ ክብ ዝርግ አካል ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት ሲል ደመደመ። ይህም የማይሆን ነገር መስሎት ነበር። ሌላው ዳኛ አራጎ ግን በክርክር ፈንታ 2 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ብረት ሙከራውን አደረገ። ነጥቡ በቦታው ተገኘ! ሽልማቱም በ1819 ለፍሬኔል ተሰጠ።

ሁሉም ወዲያው አላመኑም። በቅንጣት አስተሳሰብ መሠረት ብርሃን በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ መፍጠን ነበረበት፤ ፉኮ በ1850 በሙከራ ሲያነጻጽረው ግን ዘገየ። ፍሬኔል ይህን አላየም፤ ለመርከበኞች መብራት የፈለሰፈውን ምስሪት በ1823 በኮርዱዋን ማማ ላይ አቁሞ፣ በ1827 በ39 ዓመቱ ዐርፏል።

የሞገድ አስተሳሰብም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አልሆነም፤ በ1905 አልበርት አይንስታይን የብርሃን ኃይል በተወሰኑ እሽጎች እንደሚተላለፍ አመለከተ። ስለሆነም ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት የአሸናፊው ወገን ስም አይደለም። የፑዋሶን ጠንካራ ተቃውሞ ስሌቱን ለፈተና አጋለጠ፤ አራጎም ፈተናውን ሳይፈራ ፈጸመ። ስሌት የሚመዘነው በአቅራቢው ማዕረግ ሳይሆን በልኬት ነው፤ ድልድዩም ቢሆን የነዳፊውን ዝና አይጠይቅም።