ቃሬዛና ካቴና

መንገድ ላይ ወድቆ ለተገኘ ሰው አገራችን ሁለት ዕቃ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። አንዱ ቃሬዛ ነው፤ ሌላው ካቴና። «አሞት ነው» ከተባለ ቃሬዛው ይመጣለታል፤ «ጠጥቶ ነው» ከተባለ ካቴናው ይመጣበታል። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል የሚናገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ቀድሞ የደረሰው ሰው ነው። ድሮ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነበር። መኪና ከመጣ በኋላ ግን፣ በተለይ የወደቀው ሰው መሪ ጨብጦ የነበረ እንደሆነ፣ ቀድሞ የሚደርሰውም የሚፈርደውም ፖሊስ ሆነ።

የዚህን ነገር ታሪክ ለማውጋት ወደ መካነ ሰላም ልውሰዳችሁ። ለምን መካነ ሰላም ትሉኝ ይሆናል። ቃሬዛውም ካቴናውም ባንድ ዘመን ጎን ለጎን የታዩበት አገር ስለሆነ ነው። የደቡብ ወሎዋ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደሴ የተነሣ መኪና የጉጉፍቱን ብርድና ጉም አልፎ፣ ለጋምቦን አቋርጦ፣ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ነው የሚደርሳት። ከእሷ ወዲያ የዓባይ በረሃ ነው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የሰውየውን ዕድል የሚወስነው ሐኪም ከማየቱ በፊት የሚሆነው ነገር ነው።

አዲስ አበባ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሰው ይቀብራል፤ ከመቅበሩ በፊት ግን ሰው ይሸከማል። ሁለት ጠንካራ እንጨት፣ በመካከሉ ገመድ ወይም ጠፍር፣ ከላዩ ጋቢ፤ ቃሬዛ ማለት ይኸው ነው። አራቱ ሲሸከሙ የቀሩት ይከተላሉ፤ አቀበቱ ላይ ይፈራረቃሉ። ተጠርቶ የቀረ ይቀጣል። ብዙ ቦታ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሚታቀፍ በሽተኛው ማንም ይሁን ማን ትከሻ አያጣም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ቅሬ ሲሸከም አይመረምርም። በገበያ ዕለት አረቄ ይጣለው ወባ ይጣለው፣ የወደቀ ሰው ወድቋል፤ መጀመሪያ ይነሣል። ጥያቄው ኋላ ይደርሳል።

እርግጥ ድሮ ሁሉ ነገር ሸጋ ነበር ልላችሁ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ «ይተላለፋል» ብሎ ራቅ ማለት ገና ያልለቀቀን ልማድ ነው። ክብሪቱ ጭስ ከማሳቀፍ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ያም ሆኖ ክብሪት የሚጭረው ሰው እንኳ የተሳሳተው በመድኃኒቱ ነው እንጂ የወደቀው ሰው በሽተኛ መሆኑን አልካደም።

ካቴናው የመጣው በሌላ በር ነው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን የሚጠብቀው የአራዳ ዘበኛ ነበር። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ግድም ለንጉሠ ነገሥቱ ስትመጣ የትራፊክ ፖሊስ የሚባል ነገር አልታሰበም፤ ከማን ጋር ልትጋጭ! ከወረራው በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊው ፖሊስ ተቋቋመ። ሥራው ጸጥታ ማስከበርና ወንጀለኛ መያዝ ነበር። አምቡላንስ ደግሞ በራሱ መንገድ መጣ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በጦርነት ዋዜማ ነው። አምስት ወር ሳይሞላው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እንግዲህ ከጥንስሱ ጀምሮ ይዞ የሚሄደውና ተሸክሞ የሚሄደው ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሆኑ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ለወደቀ ሰው ግን ባለቤት አልተበጀለትም።

አልተበጀለትም ስል ሕጉ ረስቶታል ማለቴ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34ን አውጥታችሁ ብታነቡ ትገረማላችሁ። መርማሪ ፖሊስ የተከሰሰውን ሰው አካል ማስመርመር አስፈላጊ መስሎ ሲታየው የተመዘገበ ሐኪም እንዲመረምረውና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይጠይቃል ይላል። ምርመራው የደም ምርመራንም ይጨምራል። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የወጣው በ2000ዎቹ ማብቂያ ግድም ነው። ሕጉ ግን ከዚያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ፖሊሱን «ካጠራጠረህ ወደ ሐኪም ሂድ» ብሎት ነበር። መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት ለእኔ ብዙ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው።

በተግባር የሚሆነውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪናው ተወላግዶ ቆሟል፤ ሾፌሩ ምላሱ ተሳስሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ጣቢያ ወስዳችሁ አሳድሩት፣ ሲበርድለት ነገ ቃሉን ይሰጣል» ይባላል። ይህቺ «አሳድሩት» የምትባል ነገር ናት ጉዱ ሁሉ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ሰውየው በእውነት ጠጥቶ ነው እንበል። የሰው አካል ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በየሰዓቱ በአማካይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም አልኮል ያስወግዳል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ ለአሽከርካሪ የከለከሉት ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ያለውን ነው። የእኛ ሰው ማታ 2 ሰዓት ሲያዝ 120 ኖሮት እንደሆነ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደሙ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሰው ገድሎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን አሳስቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። ስካሩ ካልተረጋገጠ ግን ክሱ ወደ ቀላሉ ሊወርድ ይችላል። የሟች ቤተሰብ ያጣውን ማስረጃ ያጠፋው ጠበቃ ሳይሆን ያቺ አንዲት ሌሊት ናት።

አሁን ደግሞ ሰውየው ያልጠጣ ነው እንበል። ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ፣ ያቺው ሌሊት ልትገድለው ትችላለች። ስለዚህ ማሳደር ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ በሽተኛውን ትገድላለች፤ ሰካራሙን ነጻ ታወጣለች። ለፍትሕም ለነፍስም የማትሆን ዘዴ ብትኖር ይህቺ ናት።

የአንድ ዘመዴን ነገር ላውጋችሁ። ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ፣ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው። አንድ ቀን ሌሊት መርፌውን ወግቶ፣ ጭነት ያስቸኩለኛል ብሎ ቁርስ ሳይቀምስ ይነሣል። አንዲት ከተማ መግቢያ ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንደ ምንም መኪናውን ዳር ያስይዛል። ፖሊሱ መጥቶ «መንጃ ፈቃድ!» ሲለው የመኪናውን ሊብሬ ይሰጠዋል፤ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሌላ ነው። «በጠዋቱ ጨብጠሃል አይደል? ውረድ!» ይባላል። ያዳነው ረዳቱ ነው። «ኧረ ጋሼ ስኳር አለባቸው!» እያለ ካንዷ ሱቅ ሚሪንዳ አምጥቶ፣ ገና መዋጥ ሲችል አጠጣው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ስሙንም መንገዱንም አስታወሰ። ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኋላ ራሱ ደንግጦ ቁርስ አብልቶታል። ችግሩ ለሚንገዳገድ ሰው የተማረው ስም አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1984 ዴቶርን ግራሃም የተባለ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት ጊዜ የብርቱካን ጭማቂ ሊገዛ ሱቅ ይገባል። ሰልፉን አይቶ ተመልሶ ሮጦ ይወጣል። ይህን ያየ ፖሊስ ሌባ መስሎት የሚሄድበትን መኪና አስቆመ። ስኳር ነው ቢባል፣ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ምልክቱን እዩልኝ ብሎ ቢለምን የሰማው የለም። ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ሰክሮ ነው ብሎ ደመደመ። ጓደኛው ያመጣለትን ጭማቂ እንኳ ከለከሉት። እግሩ ተሰብሮ፣ ትከሻው ተጎድቶ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሲታወቅ ቤቱ መለሱት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሰጠው ውሳኔ ዛሬም የአሜሪካ ፖሊስ የኃይል አጠቃቀም የሚመዘንበት ሆኗል። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ እዚያ ድረስ አስኬደች ማለት ነው።

እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የፖሊስ ሕጋቸው ጋር በተያያዘው መመሪያ ነገሩን በጽሑፍ አስቀምጠውታል። ሰክሮ የተያዘ ሰው ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ይታያል፤ ይቀሰቀሳል። ስሙን ይጠየቃል፤ ዓይንህን ግለጥ፣ እጅህን አንሣ ይባላል። ካልመለሰ ሐኪም ይጠራል። መመሪያው አክሎም እንዲህ ያስጠነቅቃል፤ አልኮል የሚሸትና የሚያንቀላፋ ሰው ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመድኃኒት መመረዝ ወይም ስትሮክ ሊኖርበት ይችላል። መጠጥ መሽተቱ ከበሽታ ነጻ አያደርገውም። የጠጣ ሰውም እኮ ጭንቅላቱ ይመታል! ስኳሩ እጅግ የወጣበት ሰው ትንፋሽ ደግሞ ጠብታ ሳይቀምስ መጠጥ መጠጥ ሊል ይችላል።

«እንዲህ ከሆነማ ሰካራሙ ሁሉ ታመምኩ ማለት ሊጀምር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። ታመምኩ ያለውን ሰው ሐኪም ዘንድ ስትወስደው አመለጠ ማለት አይደለም፤ ደሙን ይሰጣል። ውሸታም ሰካራም ለራሱ ማስረጃ ይዞ ሄደ ማለት ነው። እንዲያውም ሐኪሙ ከመሣሪያው ይበልጣል። የትንፋሽ መሣሪያው አልኮልን እንጂ ጫትን አያውቅም። በወሎ መንገድ ላይ ደግሞ ስንቱ ሾፌር ነው ሌሊቱን በምርቃና የሚነዳው? ምርቃናው ሲለቀው የሚመጣበትን እንቅልፍ የሚለካ መሣሪያ የለም።

«መካነ ሰላም ላይ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። መካነ ሰላም ሆስፒታል አላት፤ ከከተማ ወጣ ያለው መንገድ ግን የለውም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ለጋምቦ ላይ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ቀን አንድ ወረዳ ያለው አምቡላንስ ምን ይበቃል? አምቡላንስም ኖሮ አስተማማኝ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሳይቀር ተዘርፏል።

እንግዲህ ቀድሞ የሚደርሰው ፖሊስ ገንዘብ የማይጠይቀውን ይጀምር። ስምህ ማን ነው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ ይጠይቅ። ስለ በሽታውም ይጠይቅ፤ ረዳቱንም ተሳፋሪውንም ይጠይቅ። ጭንቅላቱን ለቁስል ይይ። ነቅቶ መዋጥ የሚችለውን፣ ስኳር ያጠራጠረው እንደሆነ፣ ጣፋጭ ያጠጣው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨምር፤ የአከርካሪ ጉዳት ካላሰጋው በጎኑ ያስተኛው፤ መተንፈሱን ይይ። ከዚያ በአምቡላንስ፣ በባጃጅ፣ ካልሆነም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሰው፤ ሰዓቱን ይመዝግብ፤ ሐኪሙን በጽሑፍ ይጠይቅ። መኪናውን ማቆም፣ ቁልፉን መያዝ፣ ሾፌሩን ማጀብ ሁሉ ይቻላል። መታከም ከመያዝ ጋር አይጣላም።

ሕጉም ከዚህ ወገን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው በሰብአዊ ክብር እንዲያዝና ሐኪሙ እንዲጎበኘው ፈቅዷል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደን ይቀጣል፤ የሙያ ግዴታ ባለበት ላይ ደግሞ ይጠብቃል። ይህ ድንጋጌ በ1949ኙ ሕግም ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ሸፍኖ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትንሽ አይደለም። መጀመሪያ ይታከም፣ ሒሳቡ ኋላ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህን ደግሞ ቅሬ ማንም ሳይጽፍለት ሲሠራበት ኖሯል። የፖሊሱ ከ1954 ጀምሮ ተጽፎለታል። የቀረው አንቀጽ 34ን በትልቅ ፊደል ጽፎ ጣቢያው በር ላይ፣ ካቴናው ከሚሰቀልበት ምስማር አጠገብ፣ መለጠፍ ነው።