እንዲጠገን ሆኖ የተሠራ መሣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር በተፈለሰፈ ጊዜ፣ አየሩ ከወጣለት የመስታወት ቱቦ፣ ማለትም ከቫልቭ፣ ሥራውን የሚረከብ መሣሪያ ተወለደ። በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት ራዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ኮምፒዩተሩ ተራ በተራ ወደ አዲሱ ተዛወሩ። የጊታር አምፕሊፋየር ግን ቫልቭን ፈጽሞ አልተወም። ለዚህ በተለምዶ የሚሰጠው ምክንያት የድምፁ ጠባይ ነው፤ ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ድምፁን በድንገት ሳይቆርጥ ቀስ በቀስ ስለሚያሻክረው ለተጫዋቾች ጆሮ ይስማማል። ሆኖም አሮጌዎቹ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ የሚያገለግሉበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ጠጋኙ ታስቦ መሠራታቸው ነው።

ሊዮ ፌንደር የተማረው የሒሳብ አያያዝ እንጂ ምሕንድስና አልነበረም፤ ጊታር መጫወትም አያውቅም ነበር። በ1938 በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። አምፕሊፋየር መሥራት የጀመረው ከዚህ የጥገና ጠረጴዛ ተነሥቶ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ከ1958 እስከ 1960 የተመረተው ባስማን 5ኤፍ6-ኤ ነው። ለቤዝ ጊታር ታስቦ ባለ 10 ኢንች አራት ስፒከሮች ቢገጠሙለትም የበለጠ የወደዱት ጊታር ተጫዋቾች ሆኑ። በ1962 በለንደን ጂም ማርሻልና ረዳቶቹ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየራቸውን ሲሠሩ መነሻ ያደረጉትም የዚህኑ ንድፍ ነበር።

የባስማን ጀርባ ሲከፈት ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ በረድፍ ተደርድረው፣ በእጅ ተበይደው ይታያሉ። የቫልቮቹ ዓይነት በሣጥኑ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንዱን ክፍል ለመለወጥ ሌላውን ማፍረስ አያስፈልግም። በመሆኑም ልምድ ያለው ባለሙያ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊያድሰው ይችላል።

ይሁን እንጂ አሮጌ አምፕሊፋየር ሲገኝ «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብሎ ስፒናውን መሰካት ትልቅ ስሕተት ነው። የኤሌክትሮሊት ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁ ሊያፈስሱ ወይም ሾርት ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ለኃይል ቫልቮቹ ነጌቲቭ ቮልቴጅ የሚያቀርበው ትንሹ ካፓሲተር ቢሞት ደግሞ ቫልቮቹ ያለ ልጓም ቀርተው እስኪቀሉ ድረስ ይግላሉ። በተጨማሪም መሣሪያው የተሠራው ለአሜሪካ መስመር በመሆኑ፣ እንደ እኛ አገር 220 ቮልት በሚገኝበት ስፍራ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የሰው ሕይወት ይቀድማል። በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይመላለሳል፤ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ጠጋኙ በመጀመሪያ በሬዚስተር አማካይነት ቻርጁን ያፈስሳል፤ መፍሰሱንም በቴስተር ያረጋግጣል። ቀጥሎ የመሬት ሽቦ የሌለውን የቀድሞ ገመድ ባለ ሦስት ሽቦ በሆነ ይተካል፤ ከመስመሩ ወደ ብረት አካሉ የተዘረጋውንም ካፓሲተር ያወጣል፤ ይህ ካፓሲተር ሾርት ቢያደርግ ጊታሩን የያዘውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላልና። ከዚያም የኤሌክትሮሊት ካፓሲተሮቹን ይለውጣል። ቫልቮቹን አውጥቶ፣ ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አገናኝቶ ኃይል ይሰጣል፤ አምፖሉ በኃይል ከበራ ሾርት አለ ማለት ነው። ሁሉም ደኅና ከሆነ ቫልቮቹን መልሶ በየቦታው ቮልቴጁን ይለካል።

የቀረውን በተመለከተ ጠጋኞች አይስማሙም። አንዳንዶቹ አሮጌውን ሁሉ አውጥተው በአዲስ ይተካሉ፤ ሌሎቹ አንዲት ሽቦ እንኳ እንዳትነካ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ የመሣሪያውን ታሪክ ያጠፋሉ፤ የኋለኞቹ አደጋውን በቦታው ይተዋሉ። የተሻለው መንገድ ልኬትን ዳኛ ማድረግ ነው። ዋጋው ከተፈቀደው ወሰን ያልወጣ ሬዚስተር ይቆይ፤ ዲሲ የሚያሳልፍ ካፓሲተር ግን ዕድሜው ተከብሮ አይታለፍ። የወጣው ክፍልም በከረጢት ተቀምጦ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ፤ ከዓመታት በኋላ ክዳኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና።

ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ሥራው ከፋብሪካ ሲወጣ ኃላፊነቱ የሚያበቃ ሊመስለው ይችላል። የባስማን ሰሌዳ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው፤ ንድፍ አውጪው ለማያውቀው ጠጋኝ ስፍራ ትቶለት ስለነበር ከ60 ዓመት በላይ የሆነው መሣሪያ ዛሬም ይከፈታል፣ ይለካል፣ ይሠራል።