ጎዳናው የማን ነው? — ስለ ደብረ ሲና መንገድና ሽቦ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የወረደ ተማሪ ሁሉ ደብረ ሲናን በአፍንጫው ያውቃታል። የጣርማ በር ዋሻ አልቆ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ሲጀምር ጉሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎ የተቆላ ገብስ ይሸታል። እናቶችና ልጃገረዶች ቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ቆሎው አይደለም፤ ሻጯ ስለቆመችባት ሁለት ክንድ መሬት ነው። ያቺ መሬት የማን ናት? የማዘጋጃ ቤቱ? የመንገዱ መሥሪያ ቤት? ካጠገቧ የቆመው የስልክ እንጨትስ? ነገሩ ተራ ይመስላል፣ ግን ታሪኩ ሲመዘዝ አያልቅም።

ብዙዎቻችን መንገዱን ጣልያን ሠራው እንላለን። ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ። ከወረራው በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ አስጀምረው ነበር። ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ የገሠገሠው በዚሁ መንገድ ነው። ያገኘው መንገድ ጭቃና ገደል ሆኖበት ተማረረ። ጣርማ በር ሲደርስ ደግሞ የኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰው ጠበቁት፤ ያ ሁሉ ሞተር እስኪጠገን ድረስ ተራራው ሥር ቆመ። ሚያዝያ 27 ቀን ግን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ ጣልያን ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ ፈለፈለ፣ ድንጋይ አነጠፈ፣ በዱቼው ስም ጠራው። አምስት ዓመት ሳይሞላው ራሱ የሠራውን ራሱ አፈረሰ፦ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲከተለው ጣርማ በር ላይ መተላለፊያውን ዘጋበት። ብዙም አልጠቀመው፤ ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን ተያዘች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ያንኑ በር በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ወገን አፍርሶታል፣ ሁለት ወገን ጠግኖታል። የደብረ ሲና ሰው «ይሁን ወይስ አይሁን?» ተብሎ የተጠየቀበት ጊዜ ግን የለም።

ከነፃነት በኋላስ ተጠየቀ? በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጣ። አዲስ አበባና ጎንደር ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ከተሞች በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆኑ። በወረቀት ላይ የመንገድ፣ የመብራት፣ የውሃ ነገር የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው ተባለ። መልካም! ግን ብዙ ሳይቆይ ሥልጣኑ አንድ በአንድ ወደ አዲስ አበባ ተነቀለ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ የዓለም ባንክም ብድር ሰጠው፤ ዋናው መንገድ የሱ ሆነ። በ1945 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ መጣ፤ ሽቦውና እንጨቱ የሱ። በ1948 የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን መጣ፤ አምፖሉና ቆጣሪው የሱ። ለማዘጋጃ ቤቱ የቀረው የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የገበያው ቀረጥና የጥርጊያው ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ አከፋፈል ከነአካቴው ጅልነት አልነበረም። ጣርማ በርን የሚያህል ገደል አንዲት ትንሽ ከተማ በቆሎና በበግ ቀረጥ ልትጠግነው አትችልም። ከ2,600 ሜትር በላይ ከተቀመጠችው ደብረ ሲና ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ እስከምትወርደው ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት ያየ ሰው ወጪውን ይገምታል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ለአሽከርካሪው አገር አቋራጭ የሆነው መንገድ ለከተማዋ ሰው አደባባዩ፣ ገበያው፣ የለቅሶና የሠርግ መተላለፊያው ነው። ሁለተኛዋ ጎዳና የት አለችና! አንዱ መሥሪያ ቤት ስለ ጭነት መኪና ሲያስብ ሌላው ስለ ሽቦው ርዝመት ያስባል፤ ቆሎ ሻጯን የሚያስባት ማን ነው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ቀበሌ መጣ፤ በ1969 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚያያዙበት አዋጅ ተከተለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈር ሰው ተሰብስቦ ስለ ቦይና ስለ ድልድይ እንዲነጋገር በሕግ ተፈቀደለት። ግን ያው ቀበሌ የራሽን ካርድ አዳይና የጥበቃ ጓድ መላኪያም ሆነ፤ በስንቱ ሰፈር የቦዩ ነገር ከአጀንዳው መጨረሻ ተንሸራትቶ ቀረ። ስብሰባው በዛ፣ አካፋው አነሰ።

ከ1983 በኋላ ክልልና ወረዳ መጣ፤ ደብረ ሲና የጣርማ በር ወረዳ መቀመጫ ሆነች። ዋናው ጎዳና ግን የፌዴራል እንደሆነ ቀረ። አንዱ ሲያስፋፋ ሌላው መቆፈሩ፣ አስፋልት በተነጠፈ ማግስት ቧንቧ መቅበሩ አገር የሚስቅበት ጉድ ስለነበር በ2006 ዓ.ም. የመሠረተ ልማት ሥራዎችን የሚያስተባብር ኤጀንሲ በአዋጅ እስከ መቋቋም ተደረሰ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲጠጋ አሮጌው በር እንደገና የጦር ካርታ ላይ ወጣ።

አሁን የምንሰማው «ኮሪደር» የሚለውን ቃል ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከቦሌ መስመር ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። እግረኛ መንገድ ሰፋ፣ መብራት በራ፣ ለዘመናት ሰማዩን የሸፈነው የሽቦ ጥልፍልፍ መሬት ገባ። አይቼ ደስ አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ። ግን በዚያው መስመር ቤቱ የፈረሰበት፣ ጉልቱ የተነሳበት፣ ዕቃውን ሰብስቦ ዳር እንዲወጣ ጥቂት ቀን ብቻ የተሰጠው ሰው አለ።

ይህ ነገር የደብረ ሲና ጎዳና ዳር የደረሰ ዕለት የእግረኛው መንገድ ስንት ሜትር እንደሚሰፋ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ መሐንዲስ በማስመሪያ ይለካዋል። ቆሎዋን የያዘችው እናት የትኛው ቢሮ ሄዳ «እኔስ የት ልቁም?» ትበል? ወረዳው «የፌዴራል ነው» ቢላት፣ ፌዴራሉ «የከተማው ነው» ቢላት፣ አውቶቡሱ እንደሆነ አይጠብቃትም።