ከኦቫሪ ወደ ደም ስኳር፦ የአንድ ምርመራ ታሪክ

በቦሌ፣ በገርጂና በየካ የግል ክሊኒኮችና ላቦራቶሪዎች በበረከቱበት በዚህ ዘመን፣ የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም ፊቷ ላይ ጠጉር የበቀለባት ሴት ሐኪም ዘንድ የምትቀርበው አብዛኛውን ጊዜ «እወልድ ይሆን?» የሚል ጭንቀት ይዛ ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ከስኳር ሕመም ጋር ያለው ዝምድና ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

የዝምድናው ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 አሻርና ቲየር የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ጢም ባበቀሉ ሴቶች ላይ ስለታየ የስኳር ሕመም ጻፉ። በዚያው ዓመት በካናዳ ቶሮንቶ ኢንሱሊን ተገኘ። ሆኖም ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1935 የቺካጎዎቹ ስታይንና ሌቨንታል የወር አበባቸው የተዛባና ኦቫሪያቸው ያበጠ የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። ከኦቫሪው ከፊሉን ቆርጠው ሲያወጡ የሰባቱም የወር አበባ ተመለሰ፤ ሁለቱ አረገዙ። ይህ ውጤት ሕመሙን ለረጅም ጊዜ የኦቫሪ ብቻ አስመሰለው።

የኢንሱሊን ጥናት በሌላ መንገድ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው ሂምስወርዝ ከስኳር ሕሙማን ከፊሎቹ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን በሚገባ እንደማይታዘዝ አሳየ። ያሎውና በርሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን መለካት ከቻሉ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተቃረቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 በርገንና ባልደረቦቹ በእነዚህ ሴቶች ኢንሱሊንና የወንድ ሆርሞን አብረው እንደሚጨምሩ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ዱናይፍና ባልደረቦቿ ችግሩ በቀጫጭን ሴቶችም እንደሚገኝ አረጋገጡ። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪው የወንድ ሆርሞን እንዲያመርት ይገፋፋል፤ ጉበት የሚሠራውን ሆርሞኑን አሳሪ ፕሮቲንም ይቀንሳል።

ታዲያ እንዴት ይለካ? እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የክላምፕ ዘዴ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ኢንሱሊንና ግሉኮስ ለሰዓታት በደም ሥር እየሰጡ ስኳሩን በየጥቂት ደቂቃው መከታተል ስለሚጠይቅ ከምርምር ክፍል አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1985 ከኦክስፎርድ የቀረበው ሆማ የሚሰላው ከጾም ስኳርና ከጾም ኢንሱሊን ነው። ቀላል ቢሆንም የኢንሱሊን ልኬት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ የኢንሱሊን ልኬትን ለዕለት ተዕለት ሕክምና አይመክርም። በምትኩ የሴቲቱ ዕድሜና ክብደት ምንም ይሁን ምን ሕመሙ ሲታወቅ የደም ስኳሯ እንዲመረመር፣ በየ1 እስከ 3 ዓመቱም እንዲደገም ያሳስባል። ተመራጩ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚደረገው ምርመራ ነው፤ ካልተቻለ የጾም ስኳር ወይም ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ይታያል። የኋለኛውን የደም ማነስ ሊያዛባው ይችላል።

ምሥራቅ አዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 ገርጂ ላይ እስከ ተከፈተው፣ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል እስከሚለው ድረስ የሕክምና ተቋማት አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከከተማው ማዶ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሥራ ጀመረ። የደም ስኳርን ለመለካት ግን ጤና ጣቢያም ይበቃል። ብዙ ገንዘብ ተከፍሎበት «ደህና ነው» የተባለ የኢንሱሊን ቁጥር ሴቲቱን ካዘናጋት፣ ጉዳቱ ከገንዘቡ ይበልጣል፤ የናፈቀችውን እርግዝና ባገኘች ማግስት የእርግዝና ስኳር ሊከተላት ይችላልና።