ጣሪያው የማን ነው?

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው ድምፅ አለ። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከውስጥ ደግሞ ሳፋው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሳፋው ሲሞላ ባልዲ፣ ባልዲው ሲሞላ ድስት ይመጣል። እኛም ያደግነው ይህንኑ እየሰማን ነው። የሚያፈስ ጣሪያ የአናጢ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንመለከተው ግን ሌላ ጥያቄ ገጠመን፤ ለመሆኑ ጣሪያው የማን ነው?

ከሣሩ እንጀምር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አብዛኛው ቤት የሣር ክዳን ነበር። ሣር ዝናብን የሚችለው ቀዳዳ ስለሌለው አይደለም። ጣሪያው ሹል ስለሆነ ውሃው ለመስረግ ጊዜ ሳያገኝ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የምድጃው ጭስም ክዳኑን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያባርራል። እርግጥ ሣር ይበሰብሳል፣ እሳትም ይፈራል። ቢሆንም ሲያረጅ ማን እንደሚከድነው አያጠያይቅም። ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራል፤ ክረምት ሳይገባ ሥራው ያልቃል።

ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዕቃ ነው። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ መቀባት የተጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ የመጨረሻውን መንገድ የሚያልፈው በጋማ ከብትና በግመል ጀርባ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ቆርቆሮም ረከሰ፤ ቤትን በቆርቆሮ መክደን የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆነ።

ግን ቆርቆሮም የራሱ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ ምስማር በገዛ እጃችን የበሳነው ቀዳዳ ነው። ምስማሩ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን በጀርባው ላይ፣ ከነጎማው መመታት አለበት። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ በዚህ መሐል ምስማሩ ይላላል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ይበላል። በዚያ ላይ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ሳናውቅ 35ቱን ከ28ቱ አስበልጠን የገዛን ስንቶች ነን?

ስሌቱን እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ከ50,000 ሊትር በላይ ይሸከማል፤ አብዛኛውም በክረምት ነው። ለዚህ ሁሉ ውሃ አንድ የላላ ምስማር በቂ በር ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በቆርቆሮው ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ልክ በክረምቱ እምብርት፣ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ተቀነሰ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያቺ ጥቂት ብር ቆርቆሮ አትገዛም። ተከራዩ "ቤቱ የእኔ አይደለም" አለ፤ ቀበሌው "በጀት የለኝም" አለ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሲጨመርበት ደግሞ ማን ገንዘቡን ጣሪያ ላይ ያፈሳል? መፍትሔው ላስቲክ፣ ሬንጅ፣ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ሆነ።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ጣሪያን የመሰለውን ክፍል የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት አደረገው። በወረቀት ላይ ጥያቄው ተመለሰ። በተግባር ግን የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ባልዲ ሲደረድር፣ የምድር ቤቱ ጎረቤት "የእኔ ቤት ደረቅ ነው" ይላል። ከቀበሌ ቤት ወጥተን የቀበሌ ቤትን ጠባይ ይዘን ገባን ማለት ነው።

አባቶቻችን "ሳይደርቅ በእርጥቡ" ይላሉ። ለጣሪያ ግን ተረቱን እንገልብጠው፤ ሳይረጥብ በደረቁ። ግንቦት ላይ ወጥቶ አሸንዳ መጥረግና ምስማር ማጥበቅ፣ ሐምሌ ላይ ኮርኒስ ከመቀየር ይረክሳል።

ደግሞስ የጋራ ጣሪያ መያዝ አናውቅበትም እንዴ? እድራችን በየወሩ ከእያንዳንዳችን ሰብስቦ ድንኳን ይገዛል፤ ሲቀደድ ያሰፋል። "ዘንድሮ እኔ ቤት ሐዘን የለም" ብሎ መዋጮ የሚከለክል የለም። ያንን ድንኳን የጠበቀ ልብ ሕንፃው ላይ ያለውን ቆርቆሮ መጠበቅ እንዴት ያቅተዋል?