ፋይሉና ደብተሩ፦ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት በፎገራ ሜዳ

ወረታ የደብረ ታቦር መንገድ ከባሕር ዳር–ጎንደር አውራ ጎዳና በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው የፎገራ ወረዳ ሦስት አራተኛው ያህል ሜዳ ሲሆን ቀሪው በዓለም በርና በአውራ አምባ በኩል ዳገትና ሸለቆ ይዞ ይወጣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በዚህ ሜዳ ላይ ይንጣለላሉ፤ በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ፣ ውኃው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይሸሽ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የሩዝ አጨዳ ነው፤ ልጁም ወላጁም ማሳ ይውላል። በቅርብ ርቀት ያሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት ተሰባስበው መምህሮቻቸው እርስ በርስ እንዲማማሩ የሚጠበቀው እንዲህ ባለ አገር ነው።

አደረጃጀቱ በኢትዮጵያ የተስፋፋው ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ማዕከል፣ ሌሎቹ ሳተላይት ይሆናሉ፤ ማዕከሉ ላይ የመርጃ መሣሪያ ክፍል ይከፈታል፤ ወረዳው ሱፐርቫይዘር ይመድባል። እንግሊዛዊው የትምህርት ተመራማሪ ማርክ ብሬይ እ.ኤ.አ. በ1987 የታዳጊ አገሮችን ጉድኝቶች ሲያጠና ዓላማቸውን ኢኮኖሚያዊ፣ ሥነ ትምህርታዊ፣ አስተዳደራዊና ፖለቲካዊ ብሎ ለይቷቸው ነበር። በእኛ አገር አስተዳደራዊው ሌሎቹን ውጧቸዋል ማለት ማጋነን አይሆንም። ሱፐርቫይዘሩ ከወረዳ ቅጽ ይዞ ይወርዳል፣ ሪፖርት ይዞ ይመለሳል።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም ያወጣው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በመምህራን አፍ «ተሙማ» ለሚባለው፣ እንዲያውል ይጠይቃል። ለአሥር ወር ቢካፈል በወር ስድስት ሰዓት ነው፤ ብዙ አይደለም። ጀማሪ መምህርም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በነባር አማካሪ እየተደገፈ የሙያ ትውውቅ ይሠራል። ችግርን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም፣ እንደገና መጀመር፦ እንደ ሐሳብ እንከን የሚወጣለት አይደለም።

ጣጣው የሚጀምረው ከማስረጃው ነው። መምህሩ መሥራቱ የሚታወቀው በፖርትፎሊዮው ሲሆን ፖርትፎሊዮው ደግሞ በሥራ አፈጻጸም ምዘናና በደረጃ ዕድገት ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ፋይሉ ሥራውን ይቀድማል። የአምናው ዕቅድ ቀኑ ተቀይሮ ይገለበጣል፤ የክፍል ምልከታ ቅጹም ክፍል ሳይገባ ይሞላል። ይህን አላየሁም የሚል መምህር ማግኘት ይከብዳል፤ ነገሩን የመምህራን ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2000ዎቹ የመጣው፣ አምስት ሰዎችን በአንድ መሪ ሥር የሚያሰባስበው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም ነገሩን አባባሰው። መምህራን መሰባሰብን ራሱን ከቁጥጥርና ከፖለቲካ ጋር አያይዘው እንዲጠረጥሩት አደረገ፤ ጥርጣሬው አደረጃጀቱ ከደበዘዘ በኋላም አልጠፋም።

ፎገራ ግን መማማር እንዴት እንደሚስፋፋ የሚያሳይ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያውም ከትምህርት ቤት ውጭ። ሩዝ ወደዚህ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሲሆን የተሞከረውም በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ነበር። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። በ1980ዎቹ የተስፋፋው የግብርና ባለሙያዎች ስለገፋፉ ብቻ አልነበረም። ውኃ የሚተኛበት፣ ሌላ እህል የማይቀበለው መሬት የጎረቤትን ጎተራ ሲሞላ ያየ ገበሬ «ኤክስ ጅግና» የተባለውን ዘር ከዚያው ጎረቤት ወሰደ። ሴቶችም የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር እየቀላቀሉ እንጀራ ማውጣቱን ተያያዙት። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው።

አሜሪካዊው ቶማስ ጋስኪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው መከራከሪያ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሥልጠና መጀመሪያ የመምህሩን እምነት ለውጦ አሠራሩን ያስቀይራል የሚለውን ልማዳዊ ግምት ገለበጠው፦ መምህሩ አዲሱን ዘዴ ይሞክራል፣ ተማሪዎቹ ሲሻሻሉ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ያምናል። እንዲህ ከሆነ የጉድኝት ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት የመምህሩ ፋይል ሳይሆን የተማሪው ደብተር ነው። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን ክፍልፋይ ሲደመር ልጆቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ የሚያሳዩ ጥቂት ደብተሮች ይዘው ቢመጡ፣ አንዱ በማዕከሉ ክፍል ሲያስተምር ሌሎቹ ልጆቹን ቢመለከቱ፣ ከወር በኋላ ሌላ ደብተር ይዘው ቢመለሱ ለንግግራቸው መነሻ ይኖራቸዋል። ጃፓኖች ለረጅም ዘመን ያዳበሩት የትምህርት ጥናት ዘዴ ይኸው ነው። ኬንያ በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሒሳብና የሳይንስ መምህሮቿን ስታሠለጥን ይህን መንፈስ ይዛ ነበር፤ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ተመሳሳይ ሥራ በኢትዮጵያም ደግፏል።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡትን 3.3 በመቶ ብቻ አድርጎ ሲያሳይ ጣት ወደ መምህሩ ተቀሰረ፤ መምህራንንም በክረምት ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ማሠልጠን መጣ። የይዘት ክፍተት ላለበት መምህር ይህ ይጠቅማል። መስከረም ላይ ግን ብቻውን ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ አብሮት የሚቀጥል ባልደረባ ከሌለ የክረምቱ ማስታወሻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ለፎገራ ሜዳ የሚስማማው ቀን መቁጠሪያ ከማዕቀፉ የተለየ ነው። የጉድኝት መገናኛ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ከአጨዳ በኋላና ከዝናብ በፊት ቢሆን፣ ጎርፉና አጨዳው ባሉበት ወቅት ደግሞ ሥራው በየትምህርት ቤቱ ሁለትና ሦስት መምህራን መካከል ቢቀር ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድንም አስፈሪ አድርጓል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ክፍሎች መምህራን የሚሠሩት ሥራ አሁን የጉድኝቱ ምትክ ነው። ለእሱም ቢሆን በሳምንቱ ፕሮግራም ላይ ሁለቱም የማያስተምሩበት አንድ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያንን ማመቻቸት የሚችለው ደግሞ ርእሰ መምህሩ ነው።