ሦስቱ ምልክቶች በችሎት ፊት

በእንግሊዝ ሀል ከተማ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ኖርማን ጋትኬልች፣ በወላጅ ተጎድተዋል ተብለው የተጠረጠሩ የ23 ሕፃናትን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተሙ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ5ቱ ላይ ከአንጎል ሽፋን ሥር ደም ቢገኝም ጭንቅላታቸው የምት ምልክት አልነበረበትም። ሕፃን በኃይል ሲወዘወዝ እዚያ ያሉት ደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ ብለው ገመቱ። ግምቱ በጥንቃቄ የቀረበ ነበር፤ ወላጆችንም ከአደጋው ለማስጠንቀቅ ጠቅሟል።

ችሎት ሲደርስ ግን ጥንቃቄው ቀረ። አሜሪካዊው ጆን ካፊ ሐሳቡን ካስፋፉት በኋላ ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ከአንጎል ሽፋን ሥር ደም፣ በዓይን ውስጥ ደም እና የአንጎል እብጠት፣ ሕፃኑ ለመወዝወዙ ማረጋገጫ ተደርገው ይቀርቡ ጀመር። በእኔ ግምት ከሁሉ የከበደው ተከትሎት የመጣው ምስክርነት ነው፦ ሕፃኑ ወዲያው ይዝለፈለፋል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው መጨረሻ ላይ አብሮት የነበረው ሰው ነው። ሐኪሙ ስለ ጉዳቱ ሊመሰክር ቆሞ አድራጊውንና ሰዓቱን ጭምር ተናገረ።

ጥርጣሬው የተነሣው ከሕክምናው ከራሱ ነው። በ1987 በፊላደልፊያ በአሻንጉሊት የተደረገ ሙከራ፣ ጭንቅላት ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ የሚደርስበት ኃይል በመወዝወዝ ብቻ ከሚደርሰው 50 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። ጋትኬልች ራሳቸው በ2012፣ ምልክቶቹ አድራጊን ሳይወነጅሉ የታየውን ብቻ በሚገልጽ ስም እንዲጠሩ ጠየቁ።

የለንደኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2005 አራት ጉዳዮችን አንድ ላይ ሰማ። ሦስቱ ምልክቶች ጠንካራ ጠቋሚ ቢሆኑም ብቻቸውን ወንጀልን አያረጋግጡም አለ። ተከላካዮች የተመረኮዙበትን፣ ጉዳቱ ከኦክስጅን እጥረት ሊመጣ ይችላል የሚለውን አማራጭ መላምትም እንዲሁ መርምሮ አልተቀበለውም፤ ያቀረቡት ተመራማሪም መላምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር እንዳልሆነ አምነው ነበር። ሁለት ፍርዶች ተሻሩ፤ አንዱ ከግድያ ወደ ቀለለ የሰው መግደል ወንጀል ወረደ፤ አንዱ ጸና። ይህን ውሳኔ የማከብረው ለሁለቱም ወገን አንድ ሚዛን ስለያዘ ነው። የተጎዳ ሕፃንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ሲታሰር የሕፃኑ ጉዳይ እውነተኛ መልስ ሳያገኝ ይዘጋልና።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሆነው ከዚህም ያሳስባል። አንዲት የሕፃናት ሞግዚት በ1996 በሕፃን ሞት ጥፋተኛ ተብላ 18 ዓመት ተፈረደባት። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ያን ጊዜ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ እኚሁ ሐኪም ለተከሳሿ ሊመሰክሩ ተመለሱ፤ ሕፃን ከተጎዳ በኋላ ለሰዓታት ነቅቶ ሊቆይ የሚችልበት ጉዳይ ራሳቸው እንደገጠማቸው ተናገሩ። ሰዓቱ ከላላ የመጨረሻዋ ሰው ጥፋተኛ ናት የሚለው ሙግትም ይላላል። በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሴትየዋ ንጹሕ ናት አላለም፤ በሐኪሞች መካከል እውነተኛ ክርክር ስለተነሣ ሁለቱን ወገን አዲስ ጁሪ ይመዝናቸው ብሎ አዘዘ። ዐቃቤ ሕግ ግን በዚያው ዓመት ክሱን አነሣ።